ለሞተ ሰው የጉዞ ወረቀት አይታተምም

ለክቡር አቶ ዴዝሞንድ ፕራውት
የበረሃው አውራጃ ሕሙማን ጉዞና ዝውውር ቢሮ ኃላፊ
አሊስ ስፕሪንግስ

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለሁለቱም ኩላሊቶችዎ ደግሞ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ምኞቴ የልቤ ነው። ኩላሊቱ የከዳው ሰው ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር መተዋወቁ ስለማይቀር፣ እንዲህ ያለውን ትውውቅ ለጠላቴም አልመኝም።

ናፑሩላ እባላለሁ፤ ከታናሚ መንገድ ዳር ካለችው መንደር ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ እናቴ ስለ ናፓልጃሪ ነው፤ ይህ ብዙዎች የምንጋራው የወገን መጠሪያ እንጂ የገዛ ስሟ አይደለም። የወለደችኝ ታናሽ እህቷ ብትሆንም በእኛ ዘንድ የእናት እህት እናት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። እናቴ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን በማሽን ለመታጠብ ስትል ከመንደሯ ወጥታ እዚያው ከተማችሁ ሆስቴል ውስጥ ዓመታት ኖረች። አገሯን የምታየው በሰው ስልክ ላይ በፎቶ ነበር። አምና ለመንደራችን ክሊኒክ ሁለት የማጠቢያ ወንበሮች ሲመጡ አንዱ ለእሷ ተባለ፤ በዚያው ዕለት ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ተቀመጠች። የቀረው ከቢሮዎ አሮጌ ኮምፒዩተር የሚወጣ አንድ የዝውውር ወረቀት ነበር። ያ ወረቀት ከሌለ አውቶቡሱ አያሳፍርም፣ ክሊኒኩም አይቀበልም፣ በእጅ የተጻፈም አይሠራም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ወጋችንን ስላከበራችሁ አመሰግናለሁ። እናቴ ሌላ መንደር ውስጥ በገዛ ስሟ አንዲት ሞክሼ ነበረቻት፤ በወገንም እሷም ናፓልጃሪ ናት። ሴትዮዋ ሞተች። የሟች ስም ቤተሰቡ እስኪፈቅድ ድረስ አይጠራም፤ በሕይወት ያለ ሞክሼም ስሙን ትቶ ኩማንጃይ ይባላል። ጸሐፊዎ ብሮንዊን አብራን ስለኖረች ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሐዘንተኞቹ ስሙን እንዳያዩት ብላ ከኮምፒዩተሩ ላይ የሟችንም የእናቴንም ስም አጠፋችና በሁለቱም ቦታ ኩማንጃይ ናፓልጃሪ ብላ ጻፈች። የልደት ቀናቸው ደግሞ፣ ዱር ለተወለዱት ሽማግሌዎቻችን ሁሉ መንግሥት በግምት ያደላቸው ያው ጁላይ አንድ ነው፤ ዓመቱም በግምት አንድ ነው። ማሽኑ ሁለቱን አንድ ሰው አደረጋቸውና አንድ ላይ ገደላቸው። ብሮንዊንን አልወቅሳትም፤ የተሳሳተችው ሰው አክብራ ነው፣ ስታለቅስም አይቻለሁ። ያላለቀሱ ሌሎች ሰዎች አሉ።

፪ኛ. ስለ ጥገና ባለሙያዎ ስለ አቶ ክሬግ ትጋትም አመሰግናለሁ። ያ አሮጌ ፕሮግራም ለሞተ ሰው ወረቀት ማተም ስለማያውቅ የእናቴ ተራ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ከኋላዋ ያለው የሌላው ሰው ሁሉ ወረቀትም አብሮ ይቆማል። አቶ ክሬግ አጠፋው፣ አበራው፣ ገመዱን ነቅሎ ሰካው፣ በመጨረሻም መላ አገኘ፤ መላውም ጠዋት ጠዋት የእሷን ጥያቄ ከኅትመት ወረፋው አውጥቶ ከሁሉም መጨረሻ መልሶ ማስገባት ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ ሠራ። የሆስቴል ጎረቤቶቿ በየተራ አገራቸው ሲገቡ እሷ አውቶቡሱ ድረስ እየሄደች ሸኘቻቸው።

አንድ ቀን ሆስቴሉ ድረስ መጥቶ «እማማ፣ ማሽኑ ላይ ሞተሻል እኮ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አላት። እሷም «እኔ ሞቼ ከሆነ ይሄን ሻይ የሚጠጣው ማነው? ደሞ ከሞትኩ ቅበሩኛ! አገሬ ወስዳችሁ ቅበሩኝ፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለችው። ሆስቴሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ አሁን ያ ሳቅ አንጀቴን ይበላኛል።

፫ኛ. ይህ ምስጋና ለእናንተ አይደለም፤ ቢሆንም አብራችሁ ስሙት። አቶ ክሬግ የተዋሃዱትን ሁለት ሰዎች ለመለያየት የእናቴ የቀድሞ ስም እንደገና መጻፍ እንዳለበት ደረሰበትና እናቴ ደሟን ስትታጠብ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ «ስሟን ንገሪኝ» ብሎ ደወለልኝ። እንዴት አድርጌ ልናገር? የሟቿ እህት እዚያው ደም ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከእናቴ ቀጥሎ ባለው ወንበር ላይ፣ ክንዷ በቱቦ ተይዞ ተቀምጣለች። ተነሥታ መውጣት አትችልም። ስልኩን ዘጋሁት። የሟቿ እህት ነገሩ ገብቷት ኖሮ ነጻ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ «ጻፉት በያቸው» አለችኝ። «እኔ ጆሮዬን እይዛለሁ። የኔዋ አንዴ ሄዳለች፤ ይቺ በቁሟ አገሯ ትግባ።» እናቴ እጇን ዘርግታ ያዘቻትና ሁለቱም አለቀሱ። ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም፤ አንድ ሰው ለሌላው ሲል የሐዘኑን በር ከፈተ። ስሙም ተጻፈ፣ እናቴም በዚያ አረንጓዴ ፊደል በሚያበራ ጥቁር መስታወት ላይ ከሙታን ተነሣች።

፬ኛ. ከዚያ ማተሚያው እምቢ አለ። ቀለም የተነከረው ጥብጣቡ ደርቋል፤ እንዲህ ያለ ጥብጣብ ዛሬ ገበያ ላይ የለም። አዲስ ማተሚያ ተገዛ፤ አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ጥብጣቡ ከአንድ ጡረተኛ ጓዳ ተገኘ፣ ከአደላይድ ተልኳል፣ መንገድ ላይ ነው ተባልን። በደወልኩ ቁጥር «በሂደት ላይ ነው» ስላላችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ።

እናቴ በሂደት ላይ እያለች ሞተች። ልቧ ደከመ። አጠገቧ ነበርኩ። «መኪናው መጣ?» አለችኝ። «እየመጣ ነው» አልኳት። ከእናንተ ስሰማው የከረምኩት ቃል ስለሆነ ከአፌ ለመውጣት አልከበደውም።

ስለዚህ ማሽንዎን በየሄድኩበት አምቼው ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ አልተሳሳተም፣ ትንሽ ቸኮለ እንጂ። ወንድሟ ጃፓልጃሪ ሬሳዋን አሳፍሮ በዚያ በቀይ አፈር መንገድ ወደ አገሯ ሲወስዳት ወረቀት አምጣ ያለው ሰው አልነበረም። ይህን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ብዬ አስቤ፣ መልሼ ራሴን ተቆጣሁ።

ክቡርነትዎን ከዚህ በላይ ላለማድከም፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ትዕግሥት ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት እየገለጽኩ፣ እርስዎም ሰው ሁሉ ከሚሄድበት ከዚያ ጉዞ በፊት ወረቀትዎ በወቅቱ ታትሞ እንዲደርስዎ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ቅሬታ የማታውቀው አገልጋይዎ
ናፑሩላ፣ የናፓልጃሪ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጥብጣቡ ደርሶ ማተሚያው ግሩም እየሠራ መሆኑን በደስታ ተረድተናል። በየሳምንቱ ለእናቴ ደብዳቤ ይጽፋል፤ «ከሕክምና ቀርተዋል፣ ምክንያትዎን ካላስረዱ ወንበርዎን ያጣሉ» ይላል። ፖስታው ላይ ያ ዛሬ ማናችንም ልናየውም ልንሰማውም የማይገባን ስሟ በሙሉ ታትሟል። አዲሱ ባለሱቃችን ፖስታ ሲያድል ስም እየጠራ ነውና ጮክ ብሎ አነበበው፤ ጃፓልጃሪ የያዘውን ዳቦ ጥሎ እየጮኸ ወጣ። ደብዳቤው እንዲቆም ለአቶ ክሬግ ደወልኩ፤ «አንዴ ሞታ የተነሣችን ሰው ፕሮግራሙ ሁለተኛ ሞተች ብሎ አይቀበልም» አለኝ። ስለዚህ የቀረችበትን ምክንያት እኔው አስረዳለሁ፤ አገሯ ገብታ ነው። ወንበሩን ለሌላ ሰው ይስጡልን፤ በሕይወት እያለ ግን።