ማክሰኞ ማክሰኞ በኩሬው ዙሪያ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስሽና፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? በዚያ ገላጣ ሜዳ መሬት ስትለኪ ስትውዪ ቆብ ታደርጊያለሽ ወይስ እንዳምናው አፍንጫሽ ተልጦ ነው የምትመጪው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስልሽ ደግሞ አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ የምላት ደህና አይደለችም፤ የእውነት ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት የደም ግፊቴን የለካችኝ ነርስ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ሁለቴ ለካችኝ። ጉልበቴም አፉን ዘግቷል።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» ትዪ ይሆናል። በስልክ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» ብዬ እጀምራለሁ፤ አንቺ «ምነው? አመመሽ እንዴ?» ስትዪ ድንግጥ እልና ስለ ቧንቧው ማውራት እጀምራለሁ። ቧንቧው ምንም አልሆነም። ከተሠራ ቆየ። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም፤ እኔም ትንፋሽሽን ሰምቼ ሐሳቤን አልቀይርም። ስለዚህ አረፍ ብለሽ አንብቢልኝ።

ያን ስልክና የጆሮ ማዳመጫ ገዝተሽልኝ «በቀን ግማሽ ሰዓት፣ እየሰማሽ ትራመጃለሽ፣ ሐኪሙ ብሏል!» ብለሽ ያዘዝሽኝ ጊዜ ስንት እንዳጉረመረምኩ ታስታውሻለሽ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስሰፋ፣ ከኋላዬ የማጠቢያ ማሽኖቹ ሲያጓሩብኝ የኖርኩ ሰው፣ ከዚያ ወጥቼ ደግሞ ጆሮዬ ላይ ሌላ ጫጫታ ልለጥፍ? ግን አንቺ ስትቆጪ አባትሽን ቁርጥ ነው የምትመስዪው፤ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ከጫንሽልኝ ፖድካስቶች ውስጥ ስለ ጤና የሚያወራውን ሰውዬ ሁለት ቀን ሰማሁት። መብላት የሌለብኝን ሲዘረዝርልኝ ራበኝና ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ጣቴ ስቶ ጠበቃዋን ነካ።

ጠበቃዋ ጡረታ የወጣች ሴትዮ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሥራ ዘመኗ ካየቻቸው ጉዶች አንዱን ትተርካለች። የጎረቤቱን ዛፍ ትቶ የዛፉን ጥላ የከሰሰ ሰው አለ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ድምጿ ሻካራ ነው፤ የሚያስቀው ቦታ ላይ ሳትደርስ ራሷ ቀድማ ትስቅና ያስላታል። መጀመሪያ የሰማሁት ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የበር ቁልፍ የተካሰሱበትን ነበር። ወሬው ሲሞቅ እርምጃዬም ሞቀ። ዳኛው ሊፈርድ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ልብ ብል እየሮጥኩ ነው! እኔ፣ አውቶቡስ ሲያመልጠኝ እንኳ «ይሂድ፣ ሌላ ይመጣል» የምል ሴት፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ፣ በሥራ ጫማዬ! ቆሜ ላቤን ስጠርግ የመናፈሻውን ኩሬ አንድ ዙር ጨርሼዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘኝ። ደስታው እንዴት መሰለሽ፤ አንዲት ሴት ጆሮሽ ውስጥ ላንቺ ብቻ ታወራልሻለች፣ እግርሽ ከታች የራሱን ሥራ ይሠራል፣ ድካሙ የሌላ ሰው ይመስልሻል። ከድልድዩ በኋላ ያለችው ዳገት ላይ ስደርስ ትንፋሼ ያጥራል። ጠበቃዋም እንዳየችኝ ሁሉ እዚያው ላይ ነገሩን ታንጠለጥለዋለች። «ከዚያማ ምን ሆነ መሰላችሁ...» ስትል፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ስል ዳገቱን እወጣዋለሁ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ድምፅ እንዳልነበረ ታውቂያለሽ። ስድስት ዓመት ራዲዮ አልከፈትኩም። አሁን ኩሬውን እየዞርኩ ብቻዬን ስስቅ ዳክዬዎቹ ሳይቀሩ ዞር ብለው ያዩኝ ጀመር።

ብቻዬን አልኩሽ። እሱ እስከ ዶሮው ክስ ድረስ ነው።

አንዱ ሰው የጎረቤቱ አውራ ዶሮ ገና ሳይነጋ እየጮኸ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ይከሳል። ባለዶሮው ደግሞ «ክቡር ዳኛ፣ ዶሮዬ ከጫጩትነቱ ጀምሮ ዲዳ ነው» ብሎ ድርቅ ይላል። ዳኛው ዶሮው ይቅረብ ይላሉ። በቅርጫት ተይዞ ይቀርባል። ባለዶሮው እጁን አንሥቶ ይምልና ገና «ዲ...» ከማለቱ፣ ዶሮው አዳራሹን በጩኸት ይሞላዋል። እኔ እዚያች ላይ ስደርስ ፈነዳሁ፤ ዛፍ ተደግፌ እስቃለሁ። ቀና ስል፣ ከፊቴ በኩል እየሮጡ ይመጡ የነበሩ አንድ ሽበታም ሰው አግዳሚ ወንበሩን ይዘው ሆዳቸው እስኪቆስል ይስቃሉ። ተያየን። የእሳቸውም ጆሮ ላይ ማዳመጫ አለ።

«ዶሮው?» አሉኝ።

«ዶሮው!» አልኳቸው።

እሳቸው በዚያ፣ እኔ በዚህ፣ ሩጫችንን ቀጠልን።

ለካስ እሳቸውም ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መናፈሻው በር ላይ ቆመው ስልካቸውን የሚነካኩ ሰው ኖረዋል። እኔ በቀኝ እዞራለሁ፣ እሳቸው በግራ። ስለዚህ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ እንተላለፋለን። ከዶሮው በኋላ በተላለፍን ቁጥር አንዳንድ ቃል መጣል ጀመርን። «ይሄ ምስክር ይዋሻል!» ይሉኛል ሲያልፉ። ዞሬ ስመጣ «ሚስቱም ትዋሻለች!» እላቸዋለሁ። መልሱን ለመስማት ደግሞ ግማሽ ኩሬ መሮጥ አለብኝ። ልጄ፣ ለጤናዬ ብዬ ሮጥኩ ብልሽ ውሸት ነው፤ መልስ ፍለጋ ነው የሮጥኩት። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ አወራን። ሊፍት ጠጋኝ መሆናቸውን ለማወቅ ብቻ ሦስት ዙር ፈጀብኝ።

አንድ ማክሰኞ ድልድዩ ጋ ስንገናኝ እንደ ወትሮው አላለፉም። ዞር አሉና በእኔ አቅጣጫ ከጎኔ መሮጥ ጀመሩ። «በዚህ በኩል ነፋሱ ይሻላል» አሉኝ። የዚያን ቀን ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር። «አዎ፣ ይሻላል» አልኳቸው።

ያን ሰሞን ነው አንቺ ደውለሽ «እማዬ፣ ምነው ታለከልኪያለሽ? ከማን ጋር ነው የምትስቂው?» ያልሽኝ። «ከጠበቃዋ ጋር» አልኩሽ። ሙሉ ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። ያቺ ነገር እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። አንቺን የዋሸሁት ከሕፃንነትሽ የክትባት ቀን ወዲህ ያኔ ነው።

ሦስት ወር ጎን ለጎን ከሮጥን በኋላ እሳቸው ሁለት ማክሰኞ ጠፉ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሰዓቱ አለፈ፣ አዲሱ ክፍል ወጣ፣ አልከፈትኩትም። ትንሽ ይዘገዩ ይሆናል ብዬ ዝም ብዬ ዞርኩ። ኩሬው እንዲያ ሰፊ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። በሁለተኛውም ማክሰኞ እንዲሁ። ሁለት ክፍል ሳይሰማ ስልኬ ላይ ተቀመጠ። ሥራ ቦታ ያቺ ጓደኛዬ፣ ካውያዋ የምንላት፣ ሁልጊዜ ትኩስ የሆነችው ተኳሿ፣ መጥታ ከላዬ ቆመችና «አንቺ ሴትዮ፣ አንሶላውን ከእጅጌሽ ጋር እኮ ነው የሰፋሽው» አለችኝ። እውነትም ሰፍቼዋለሁ። ብነሣ ሕሙማኑ ሊተኙበት የነበረው አንሶላ ተከትሎኝ ተነሣ። ግፊቴ ነው አልኳት። «ግፊት እንዲህ አያደርግም» ብላ መቀሱን አቀበለችኝ።

አስቢው፣ አምስት ወር አብረን ሮጠን ስልክ ቁጥር አልተለዋወጥንም! እሳቸው ይጠይቁኛል ስል፣ ለካ እሳቸውም እኔን ይጠብቁ ነበር። ቤታቸውን አላውቀው፣ ስማቸውን በቅጡ አላውቀው። የማውቀው ሊፍት እንደሚጠግኑ ብቻ ነው። ጠጋኞች እርስ በርስ ይተዋወቁ ይሆናል ብዬ በምሳ ሰዓት የሆስፒታላችን ሊፍት ውስጥ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ለብልሽት የሚደወልበት ቁጥር አለ። ደወልኩ።

«የት ነው የተበላሸው?» አለችኝ ልጅቷ።

«የለም የኔ እመቤት፣ ሊፍቱ ደህና ነው፤ ጠጋኙ ነው የጠፋብኝ» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። እኔም ፊቴ እንደ ካውያ ጋለ። ግን ደግ ልጅ ናት፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ሽበታም ናቸው፣ ከሳ ያሉ፣ ሲስቁ የሚይዙት ነገር የሚፈልጉ አልኳት። ወዲያው አወቀቻቸው። ቁርጭምጭሚታቸውን ተሰብረው ቤት ተኝተዋል አለችኝ። ከደረጃ ወድቀው! ሊፍት ሠሪ፣ ከደረጃ! መልእክት ላድርስልሽ ወይ ስትለኝ «ሁለቱንም ክፍሎች አልሰማኋቸውም በይልኝ» አልኳት። «ይኸው ብቻ?» አለች። ይኸው ብቻ አልኳት።

በሦስተኛው ማክሰኞ ክራንች ተደግፎ መናፈሻው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ልብ ብለሽ ከሆነ «እሳቸው» ማለቱን ትቻለሁ፤ አንቱታው የወደቀው እዚያ በር ላይ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደጣለው አላውቅም። ምን ልበለው? «ሊፍት ትተህ በደረጃ መሄድ ምን አመጣው?» ብዬ ተቆጣሁት። ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ሁለቱም ክፍሎች እንዳልተሰሙ ቁጭ ብለዋል። መልእክቴ የደረሰው ገና በዋዜማው ማታ ነበር፤ እሱ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ ጣሪያ እያየ፣ ምንም የሚሠራው ሳይኖር፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ተኝቶ አልሰማቸውም። ለምን አልኩት። «አንቺ ምን እንደምትዪ ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ብቻዬን ልስማው?» አለኝ።

ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይለኛል ብዬ አላሰብኩም። አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ገመዱ አጭር ስለሆነ ተጠጋግተን፣ እሱ እያነከሰ፣ እኔም በእሱ ልክ እያዘገምኩ፣ ሁለቱንም ክፍሎች እስኪያልቁ ሰማናቸው። አንድ ዙር ብቻ ነው የዞርነው። ሥራም አረፈድኩ። ካውያዋ ፊቴን አየችና ክሩን በመርፌው አስገብታ ሰጠችኝ።

አባትሽን አልረሳሁትም። ይህን ከእኔ እንድትሰሚ ፈልጌ ነው። ካፖርቱ አሁንም ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ሰውዬው ቤት የመጣ ቀን አይቶት «የሱ ነው?» አለኝ፤ አዎ አልኩት። የራሱን ሌላ ቦታ ሰቀለ። ደግሞ እሱም ሚስቱን ቀብሯል፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እየሮጥን ስለ እሷ ይነግረኛል፣ እኔም ስለ አባትሽ እነግረዋለሁ። አባትሽ ምን ያስቀው እንደነበር የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። «ሲያስነጥስ ድመቷ ከወንበር መውደቋ» አልኩት፤ እስኪያለቅስ ሳቀ፤ ያን ቀን አባትሽ ራሱ ከጎናችን የሚሮጥ መሰለኝ።

«እናቴ በዚህ ዕድሜዋ!» ብትዪ አልፈርድብሽም። ተቆጪ፣ ግድ የለም፤ አኩርፊም። ብቻ ከማኩረፍሽ በፊት አንድ ማክሰኞ ከእኛ ጋር ሩጪና ከዚያ አኩርፊ። እግሩ ድኗል። አሁን ዳገቷ ላይ እሱ ነው የሚቀረው።

በይ እንግዲህ፣ ደብዳቤው ረዘመ። የእረፍት ፈቃድሽን ስትሞዪ ከወትሮው ሁለት ቀን ጨምሪበት። ስትመጪ ያቺን ሰማያዊ ቀሚስሽን ያዢ፤ ተኩሺያት አልልሽም፣ ካውያዋ አለች። መታወቂያሽንም እንዳትረሺ፤ ቀኑ ያላለፈበት ይሁን። ጋብቻ የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ሐሙስ ጠዋት ምስክሮች ይዛችሁ ኑ ብሎናል። ከእኔ በኩል ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንደኛው መስመር ላይ ካውያዋን ጽፌያታለሁ። ሁለተኛውን ባዶ ትቼዋለሁ። ሠራተኛው «እዚህ ላይ ማንን እንጻፍ?» ሲለኝ «ልጄን ጠይቄ ነው» አልኩት። ካልመሰለሽ ቀኑ ይራዘማል እንጂ እዚያች መስመር ላይ ሌላ ሰው አይገባም።

ፈጣሪ ከፀሐዩም ከድካሙም ይጠብቅሽ። የምትረግጪው መሬት ሁሉ ይመችሽ፤ እንጀራሽን ይባርክልሽ፤ ሳቅሽን አያጉድልብኝ። ደውዪልኝ። ያኔ ስለ ቧንቧ አላወራም።

የምትወድሽና መልስሽን በር በሩን እያየች የምትጠብቅ
እናትሽ