ከአስመራ የሚመጣው ኩሽኔታ

ሚያዝያ 28 ቀን 1990

የማካሮኒ መጭመቂያው ዛሬም ቆመ። መካኒኮቹ ዛሂድና ሔሩይ ጊርቦክሱን ፈቱት። ኩሽኔታው አልቋል፤ ቁጥሩም ተፍቆ አይነበብም። እዚህ መቀሌ ሮማናት አደባባይ አካባቢ ያሉትን የመለዋወጫ ሱቆች በሙሉ ዞርኩ… የመኪና ብቻ። አንዱ ባለሱቅ፣ "ሓፍተይ፣ እህቴ፣ የጣሊያን ማሽን ከሆነ ያው አስመራ ነው" አለኝ። ሁልጊዜም አስመራ ነው።

ምሳ ላይ ዛሂድን፣ "ልኩን ንገረኝና በስልክ ልዘዘው?" አልኩት።

"ልኩ ብቻ አይበቃም ረምላ። ማሽኑ ሊጡን ወደፊት ሲገፋ ሊጡም መልሶ ይገፋዋል። ያንን ግፊት የሚችል መሆን አለበት። አሮጌውን ወስጄ ጎን ለጎን ካላየሁ አላምንም።"

መካኒክ ያገባ ሰው… ቤትም ፋብሪካም አንድ ወሬ። የጉዞ ደብዳቤውን እኔው ጻፍኩለት። ግዢ ክፍል እኔ አይደለሁ? ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረተንሳኤ ፈረሙበት። ነገ ይሄዳል።

ግንቦት 1

ዛሂድ ከአስመራ ደወለ። አግኝቶታል! "መንታ ወንድሙ ነው" አለኝ እየሳቀ። ባለሱቁ ሰኞ ከመጋዘን ያወጣለታል፣ ማክሰኞ መኪና ይይዛል።

"ምን ላምጣልሽ?"

"አንተን።"

ቢሮ ያለው ሁሉ ሳቀብኝ።

ግንቦት 6

አልመጣም። መናኸሪያ ሄጄ ሹፌሮቹን ጠየቅሁ። "ከዛላምበሳ ወዲያ መንገድ የለም፣ ተዘግቷል።" መቼ ይከፈታል? አንዱ ትከሻውን ነቀነቀ። ራዲዮው ስለ ባድመ ያወራል፤ ጦርነት ይላል… ባሌ እኮ የሄደው ዕቃ ሊገዛ ነው።

ግንቦት 13

ቴሌ ሄድኩ። "አስመራ? መስመር የለም።" ትናንትም እንዲሁ።

አቶ ገብረተንሳኤ ጠሩኝ። "ኩሽኔታው የት ደረሰ?" ኩሽኔታው! እሳቸውም ጨንቋቸዋል፤ ከድንበር የተፈናቀለው ሰው ከተማውን ሞልቶታል፣ ማካሮኒ ለእርዳታ ይፈለጋል፣ ማሽኑ ግን ሆዱን ከፍቶ ተኝቷል። ይገባኛል። ግን ስሙን እንኳ… "ዛሂድስ?" አይሉም?

"እያፈላለግሁ ነው" ብዬ ወጣሁ። የቱን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ግንቦት 29

ትናንት ከተማችን በአውሮፕላን ተደበደበች። ዓይደር። ትምህርት ቤቱ። መጻፍ አልችልም።

ሰኔ 8

አዲስ አበባ ነኝ። ኩሽኔታ ፍለጋ። ሶማሌ ተራን ከላይ እስከ ታች ዞርኩት። አንድ ነጋዴ አመጣልኝ። ውስጡም፣ ውጭውም፣ ውፍረቱም ልክ። ግን ባለ ኳስ ነው። የእኛው በኳስ ፋንታ ሾጣጣ ሮለር ያለው ነበር።

"እህቴ፣ ልኩ ነው አይደል? ከገባ ምን ልዩነት አለው?"

ፋብሪካ ደወልኩ። ሔሩይ አነሳው። "አትግዢው። ግፊቱን አይችልም፣ ይፈነዳል። ዛሂድ ቢኖር…" ስልኩን ተቀበሉት አቶ ገብረተንሳኤ። "ረምላ፣ ሰው ተርቧል። ለጊዜው ይሥራ። ግዢው።"

ገዛሁት። ምን ላድርግ?

ሰኔ 16

ጠዋት ገጠሙት። ሠራ! ማካሮኒው ሲወርድ ማሸጊያ ክፍል ያሉት ሴቶች እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ… አፌ እንዴት እሺ አለኝ? ከምሳ በፊት ፈነዳ። ኳሶቹ ረግፈው የጊሩ ጥርሶች መሀል ገቡ፣ ሻፍቱ ለሁለት ተቆረጠ። ሔሩይ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከእንግዲህ ኩሽኔታ ቢመጣም የሚገባበት የለውም። ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ተባለ።

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 9

አዲግራት። ከኤርትራ የተመለሱ ሰዎች ይመጣሉ ሲሉኝ ሄድኩ። ከመኪናው ሲወርዱ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ። የለም። ሁሉንም "ዛሂድ የሚባል" እያልኩ ጠየቅሁ። አንድ የኮምቦልቻ ልጅ፣ የአገሬ ሰው፣ "ረጅሙ መካኒክ? ታስረን ሳለ ከእኛ ጋር ነበር። ሳል ይዞት መነሳት አቃተው" አለኝ።

"በሕይወት አለ?"

"ስንለያይ ነበር።"

ስንለያይ ነበር… ያረቢ፣ ይህንን ምን ብዬ ልያዘው? ልጁ፣ "አብሽሪ እህቴ" አለኝ። ጫማ እንኳ አላደረገም፤ እኔን ያጽናናል።

ነሐሴ 3

ምንም የለም።

ነሐሴ 20

ዛሂድ መጣ። አልሐምዱሊላህ። ባዶ እጁን። ያወቅሁት በዓይኑ ብቻ ነው።

መስከረም 12 ቀን 1991

ዛሂድ ያው ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ያስላል። ስለዚያ አገር አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። ከመጣ ወዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ማለት ይቻላል።

ከሰዓት በኋላ አቶ ገብረተንሳኤ ስኳር ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ጥሩ ሰው ናቸው። አጠገቡ ተቀምጠው ትከሻውን ያዙት። ቆይተው ግን… ማሽኑን የሠሩት ጣሊያኖች አዲስ ሻፍት ከነኩሽኔታው ጅቡቲ ያደርሳሉ አሉ። እንደ ባለፈው እንዳንሳሳት፣ ከመረከባችን በፊት የሚያውቅ ሰው እዚያው ሄዶ ይየው። "ካንተ ሌላ ማን አለኝ ልጄ? ሲሻልህ ነው እንግዲህ። ደብዳቤውን ረምላ ትጽፋለች።"

"እሺ ጌታዬ" አለ ዛሂድ። እያሳለ ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። አሁኑኑ የሚሄድ ይመስል!

"አልጽፍም" አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። "ምን አልሽ?"

"አልጽፍም። ዕቃው እስከ መቀሌ ድረስ ይምጣ። እዚሁ እናየዋለን፤ ካልሆነ እንመልሰዋለን። ባሌ የትም አይሄድም።"

"ረምላ፣ ይሄ የሥራ ትእዛዝ ነው።"

"እንግዲያው ሥራውን ይውሰዱት።"

ከዚያ ተነሱ፣ "እግዚአብሔር ይማርህ" አሉት፤ እኔን ሳያዩኝ ወጡ።

ዛሂድ አንድ ጫማ በእጁ ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ቀረ። "ሥራሽን አጣሽ እኮ" አለኝ።

"አዎ።"

ጫማውን ከእጁ ተቀብዬ አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ አለቀሰ። ከመጣ ጀምሮ ዛሬ ገና።