ቦታሽ ተጠብቆ የዋለበት የቤተሰብ ቀን

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? ክረምት ሲገባ ጉልበትሽን የሚይዝሽ ቁርጥማት ዘንድሮ ራራልሽ ወይስ እንደ አምናው ከቤት አዋለሽ? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው? ወንድሜን ቶሎሳን አንገቱን ሲያዞር ያመዋል ብለሽ የጻፍሽልኝ ነገር አሁንም አሳስቦኛል፤ ሐኪም ዓይቶት ይሆን? ደብዳቤውን የምታነቢላት እህቴ ደስታ፣ አንቺም ደህና ነሽ ወይ? እባክሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። እማዬ መሃል ላይ ዓይኗን ብትጠርግ አታቋርጪ፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም።

እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። የናይሮቢ ነሐሴ ብርዱ የኛኑ ነቀምት ይመስላል፤ ሰማዩ ግን ሲዝት ይውልና ሳይዘንብ ያመሻል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ለንግድ የሚመላለስ የታመነ ሰው ስለሆነ፣ በፖስታ ቤት እንደምልከው አላሳጠርኩትም። እንደ ልቤ ነው የጻፍኩልሽ።

የምሠራበት ድርጅት የተማሪ ዩኒፎርም እንደሚሰፋ ታውቂያለሽ። ስፌቱ ፓርክላንድስ በሚባል ሰፈር ነው፣ መሸጫው መሃል ከተማ። ባለቤቱ ሚስተር ሻህ ህንድ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ግን እዚሁ ነው። በሐምሌ ወር ቢሮው ጠራኝና «ፋንቱ፣ ዘንድሮ ለሠራተኞቻችን የቤተሰብ ቀን እናደርጋለን፤ አዘጋጇ አንቺ ነሽ» አለኝ። የቤተሰብ ቀን የሚሉት ሠራተኛው ሁሉ የትዳር ጓደኛውን፣ ልጆቹን፣ እናት አባቱን ይዞ መጥቶ አብሮ የሚበላበትና የሚጫወትበት ቀን ነው። እኔ ዘመዶቼ ሁሉ ማዶ የቀሩብኝ ሰው የሌላውን ቤተሰብ እንድሰበስብ መመረጤ ገረመኝ። ቢሆንም እሺ አልኩት።

እማዬ፣ ሰርግ የደገስሽ አንቺ ስለሆንሽ ድካሙን ታውቂዋለሽ። ዩኒፎርም የምንሰፋለት አንድ ትምህርት ቤት ሜዳውን ሰጠን። ድንኳን ተከራየሁ፣ ሩቅ ሰፈር ለሚኖሩት አውቶቡስ ያዝኩ፣ ፍየል የሚጠብሱ ሰዎች ፈለግሁ። የሚስተር ሻህ ቤት ሰዎች ሥጋም እንቁላልም አይነኩም፤ ለእነሱ ለብቻው አትክልትና ምስር አሠራሁ። እንቁላል በማንኪያ ይዞ መሮጥ የሚሉት ጨዋታ አለ፤ የሚስተር ሻህ እናት እንዳይከፋቸው ብዬ እንቁላሉን በሎሚ ለወጥኩት። ሴቶቹ ደግሞ ከዩኒፎርም የተረፈውን ቁርጥራጭ በእረፍት ሰዓታቸው እየቀጣጠሉ ሜዳውን የሚከብ ትንንሽ ባንዲራ ሰፉ።

አንድ ቀን ያንን ስንሰፋ ዋንጂኩ የምትባል የሥራ ጓደኛዬ «አንቺስ ማንን ታመጫለሽ?» አለችኝ። «እኔ አስተናጋጅ ነኝ፤ ማንንም አላመጣም» አልኳት። ክሯን በጥርሷ በጥሳ «ማታ ስትዘገዪ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ ማነው?» ስትለኝ «እማማ ሙሉመቤት» አልኳት። «እንግዲያ እሷን ይዘሽ ነዪ» አለችኝና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

እማማ ሙሉመቤትን በፊት ነካ ነካ አድርጌ ነው ያነሳሁልሽ። የዲላ ሰው ናቸው። ጌታቸው የሚባል አስተማሪ ልጅ ነበራቸው። በዚያ በክፉው ጊዜ ከቤት ወጣ፤ በሞያሌ ተሻግሯል ሲባል ሰምተው እናት ከኋላው ተከተሉት። ናይሮቢ ታይቷል አሏቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ያየው ሰው ጠፋ። አገራቸው እንዳይመለሱ «እኔ ስሄድ ቢመጣስ» ይላሉ። ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር ከአንድ ትልቅ ግቢ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረን እንኖራለን። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ፤ አንዳንዴ በዚህ እንከራከራለን፣ ግን ተኳርፈን አናውቅም። ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄዱም።

የዚያን ዕለት እንደገባሁ ነገርኳቸው። መጀመሪያ «ፍልሰታ ነው፣ ጾም ላይ ነኝ፤ ከፍየል ጥብስ መሃል ምን ልሠራ?» አሉ። የጾም ምግብ እንዳለ ስነግራቸው ግን እውነተኛውን ምክንያት አወጡት። «አንቺ ልጅ፣ የሰው እናት ሆኜ አደባባይ ብቆም ጌታቸውን ምን ልለው ነው? ትቼሃለሁ ልበለው? ያንቺስ እናት? በሕይወት እያለች ቦታዋን ልቀማት?»

እውነቱን ልንገርሽ እማዬ፣ ከፋኝም፣ ቀለል አለኝም። ቀለል ያለኝ አንቺ ስትሰሚ ምን ይሰማሽ ይሆን እያልኩ ስለነበር ነው። ደግሜ አላነሳሁባቸውም።

የቤተሰቡ ቀን ደርሶ ቅዳሜ ጠዋት ልወጣ ከረጢቴን ሳነሳ፣ እማማ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ነጠላቸውን እያጣፉ ብቅ አሉ። «እናትሽ ሆኜ እንዳይመስልሽ የምሄደው። ብቻሽን ሰው መሃል ስትገቢ ማየቱ ስላላስቻለኝ ነው» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁም ቀድመውኝ ወጡ።

ሜዳው ስንደርስ ሌላ ጭንቅ ጠበቀን። ካፊያ ጀምሯል፤ ከሩቅ ሰፈር ሰው የሚያመጣው አውቶቡስ የለም። ድንኳኑ ባዶ፣ ወንበሩ ባዶ። ሚስተር ሻህ ሰዓቱን እያየ «ሰዎቹ አይመጡም ማለት ነው?» አለኝ። ያን ሁሉ ቀን የለፋሁበት ነገር በቁሜ ሲፈርስ ታየኝና እንባዬ መጣ። እማማ አጠገቤ ሆነው «ቤተሰብ ያለው ሰው እኮ ቶሎ አይደርስም። ልጅ ማጠብ አለ፣ የጠፋ ጫማ መፈለግ አለ» አሉኝ፤ በነጠላቸው ጫፍም ፊቴን ጠረጉልኝ። ቆይቶ አውቶቡሱ በልጆች ዘፈን እየጮኸ በበሩ ገባ። ጎማ ፈንድቶበት ነው የዘገየው። ካፊያውም ተወን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ ደስ ይልሽ ነበር። በሥራ ቦታ ቀና ብለው የማያወሩት ሰዎች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቅለው ሌላ ሰው ሆኑ። ሚስተር ሻህ የሎሚውን ሩጫ ከሠራተኞቹ ጋር ሮጦ ሎሚው ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ወደቀበት፤ እማማ ሙሉመቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሲስቁ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። አብረን ስንኖር እንዲያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ምሳ ሲቀርብ የሚስተር ሻህ እናት እማማም እንደ እሳቸው ሥጋ እንደማይበሉ አይተው ሳህናቸውን ይዘው አጠገባቸው መጥተው ተቀመጡ። እማማ «ቅቤና ወተት አለበት ወይ በይልኝ» አሉኝ፤ ጠየቅሁ፤ እርጎውን አሮጊቷ በገዛ እጃቸው ፈቀቅ አደረጉላቸው። እኔ ስመላለስ አንደኛዋ በህንድኛ፣ አንደኛዋ በአማርኛ ያወራሉ። እጃቸው ጉልበታቸውን ሲያሽ ሳይ ጨዋታው ስለ ቁርጥማት መሆኑ ገባኝ፤ አንቺም ብትኖሪ ሦስተኛ ትሆኛቸው ነበር።

ወደ ማምሻው ፎቶ አንሺው እያንዳንዱን ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ማንሳት ጀመረ። ስሜ ሲጠራ ብቻዬን ሄጄ ቆምኩ። ፎቶ አንሺው ማንም አልተከተላትም እንዴ ብሎ ከኋላዬ ተመለከተ። ያኔ እማማ ሙሉመቤት ከወንበራቸው ተነስተው ሜዳውን አቋርጠው መጡና ቆሙ፤ ግን አልተጠጉኝም። በእኔና በእሳቸው መሃል አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ተዉ። ፎቶ አንሺው በእጁ ጠጋ በሉ አለ። አልተነቃነቁም። ሚስተር ሻህ «እናትሽ ካሜራ ይፈራሉ?» አለኝ። ስተረጉምላቸው «እናቷ አይደለሁም በይው። እናቷ አገር ቤት አለች። ይሄ የእሷ ቦታ ነው፤ እስክትመጣ ሌላ ሰው እንዳይቆምበት እየጠበቅሁላት ነው» አሉ።

ያሉትን ቃል በቃል በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ሚስተር ሻህ ለእናቱ በቋንቋቸው ነገራቸው። አሮጊቷ ከህንድ በመርከብ ሙሽራ ሆነው መጥተው እናታቸውን ዳግመኛ ሳያዩ የቀሩ ናቸው ለካ፤ ልጃቸው ነው በኋላ የነገረኝ። ዓይናቸውን በልብሳቸው ጫፍ ጠረጉና ለልጃቸው አንድ ቃል አሉት። እሱም ወደ ፎቶ አንሺው ዞሮ «ተዋቸው፣ እንደቆሙ አንሳቸው» አለ።

ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ እማማ ሳልጠይቃቸው ስለ ጌታቸው ማውራት ጀመሩ። ፎቶ ሲነሳ ሁልጊዜ ዓይኑን ይጨፍን እንደነበር፣ ቆጮ ሲበላ ጣቱን እንደሚልስ፣ የተማሪዎቹን ደብተር ሲያርም ብቻውን እንደሚስቅ። እስከ ቤታችን ድረስ አወሩ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ፍለጋውን እንደገና ሊጀምሩ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። የጠፋ ሰው ወደሚያፈላልገው ቀይ መስቀል ቢሮ ይዣቸው ሄድኩ። ከዚህ በፊት እምቢ ይሉ የነበረው «ሞቷል» የሚል መልስ ፈርተው ነበር። አሁንም ይፈራሉ፤ ግን ስሙን ራሳቸው ጮክ ብለው ተናገሩ። እስካሁን የሰማነው ነገር የለም። ጸልዩላቸው።

ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ቅር የሚልሽ ነገር ካለ አትደብቂኝ፤ ጻፊልኝ። ነገር ግን እማዬ፣ ያን ክፍት ቦታ እይው። አንቺ ነሽ እዚያ ያለሽው።

አባዬን ጉልበቱን ስማችሁ ናፍቃሃለች በሉልኝ። ወንድሜ ቶሎሳ ዛሬም ወፍራም ልብስ ሳይደርብ እንዳይወጣ ንገሩት፤ ሰላምታዬ ይድረሰው። ደስታ፣ ላንቺ ከዩኒፎርሙ ቁርጥራጭ የሰፋሁት ሻርፕ በዚሁ ሰው እጅ አለ። ጎረቤታችንን እትዬ ውባንቺን፣ እሑድ እሑድ ቤታችሁ ለጸሎት የሚሰበሰቡትንም ሁሉ በየስማቸው ሰላም በሉልኝ።

እማማ ሙሉመቤትም ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናቸው፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት አሉኝ፦ «እህቴ፣ ልጅዎ ደህና ናት። ራት ሳትበላ ልተኛ ስትል እቆጣታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎም እናቱ የራቀችው ልጅ በደጅዎ ሲያልፍ ካዩ፣ ግባ ይበሉልኝ።»

ልጅሽ ፋንቱ
ናይሮቢ፣ ነሐሴ ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.