ለሞቴ የሰጠሁት ስም

መስከረም ፲፪

ሳልጠራው በሚሰማኝ በአንዱ አምላክ ስም ይህን ደብተር ጀመርኩ።

ዛሬም እንደ ወትሮው። ጸሎት፣ ውኃ መቅዳት፣ ከዚያ የስደተኞች ቢሮ ወረፋ። ቁጥራችን መቶ አርባ ሁለት ነበር፤ ከቀትር በኋላ ደረሰን። ወደ ሦስተኛ አገር የምንሄድበት ጉዳይ ተመርምሮ አልቋል፤ የቀረው የእኔ የአገር ቤት መታወቂያ ብቻ ነው አሉን። ልጄ የራሷንና የሕፃኗን ወረቀት ሰጥታለች። እኔ ስሸሽ ምን ይዤ ወጣሁ? ዳዊቴን ብቻ። ለታናሽ ወንድሜ ደወልኩለት፤ ከመዝገብ አስወጥቶ ይልክልኛል።

ሐኪሙ ያለውን ልጄ ዛሬም ደገመችልኝ። ዓመቱ ሳያልቅ በዚያ አገር ካልታከመች፣ የልጅ ልጄ የግራ ዓይን አይተርፍም። የሰባት ዓመት ሕፃን...

ጥቅምት ፭

መታወቂያው ደረሰ! አንድ መንገደኛ በካፖርቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ አመጣው። ፎቶው ከድሮው መዝገብ የተወሰደ ነው፤ ጢሜ እንደ ቁራ የጠቆረ። የልጅ ልጄ አገላብጣ አየችው።

«አያቴ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ውሸት! ይሄ እኮ ቆንጆ ነው።»

ልጄ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ተመስገን።

ጥቅምት ፱

ጉዳያችንን የያዘችው ሴት መታወቂያውን ከኮምፒውተሯ ጋር አስተያየች። ደግማ አየች። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ።

«አባቴ፣ ይህ የማን ነው?»

«የኔ።»

«እዚህ የተመዘገቡት ግን በሌላ ስም ነው።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ድንበሩን በተሻገርኩ ማግስት፣ ንዳድ ጥሎኝ በድንኳን ተኝቼ ነበር። ልጄ ገና አልደረሰችም። ሰደርያ የለበሰ ጸሐፊ መጥቶ ስሜን ጠየቀኝ። ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር። ሙት በጸሎት የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነውና፣ እርሱን ሰጠሁ። ለመቃብሬ የሚጽፍ መስሎኝ... ሞቱ ቀረ፤ ስሙ ግን በመዝገብ ኖረ። ከዚያ ወዲህ የምጠራው በቁጥር ነው። ማን ስም ጠይቆኝ ያውቃል?

ከልጄ ስም ቀጥሎ የቆመው ደግሞ የዓለም ስሜ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ መሠረት እርሷ የሌላ ሰው ልጅ ናት።

አስተርጓሚው ሲሸኘኝ፣ «እግዚአብሔር ሁለቱንም ያውቃል፣ አባቴ፤ ኮምፒውተሩ ግን አንዱን ብቻ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሆን?

ጥቅምት ፲

ልጄ፣ «የስደተኛ ካርድዎ ላይ አይቼው ነበር» አለች። «የክርስትና ስምዎ ነው፤ ምን ክፋት አለው ብዬ...»

ጥቅምት ፳፯

ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ ተብያለሁ። ወንድሜ መዝገብ ቤት ሄደ፤ «የክርስትና ስም የእኛ ሥራ አይደለም» አሉት። ወደ አጥቢያው ሄደ፤ ያጠመቁኝ አባት ካረፉ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል፣ የክርስትና አባቴም በሕይወት የለም።

«ጋሼ፣ እኔው ልመስክር?» አለኝ በስልክ።

የወንድም ምስክርነት አይቆጠርም። የማይዛመደኝ ሰው ግን የክርስትና ስሜን ከወዴት ያውቃል? ዕድሜዬን ሙሉ የመጽሐፍ ጥያቄ ስፈታ ኖሬ፣ ለአንዲት ወረቀት መልስ አጣሁ።

ኅዳር ፰

ሴትዮዋ አዝናልናለች። አንድ መንገድ አለ አለች። ልጄ «ይህ ሰው ዝምድናው ስላልተረጋገጠ ከፋይሌ ይውጣልኝ» ብላ ከፈረመች፣ እናትና ልጅ በሁለት ወር ውስጥ ይሄዳሉ። የእኔ ጉዳይ እንደ አዲስ ይጀመራል። መልስ እስከ ዓርብ።

ልጄ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ኅዳር ፲

«አልፈርምም።»

«ትፈርሚያለሽ።»

«አባባ፣ ወልዶ ያሳደገኝን ሰው አላውቀውም ልበል? ውሸት ነፍስ ያጠፋል ሲሉኝ የኖሩት እርስዎ አይደሉ?»

«ውሸቱ በእኔ ይሁን።»

«ውሸት ደግሞ በውክልና አለ እንዴ?»

የሳቀች መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ታለቅሳለች። ጥቅስ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ሕፃኗ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠግታ ሥዕል ትሥል ነበር። ወደ እርሷ ጠቆምኩ።

ኅዳር ፲፪

ፈረመች።

ታኅሣሥ ፲፱

ሄዱ።

አውቶቡሱ ከግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። የእኔ ቃልና የልጄ ፊርማ ከተጣረሱ እነርሱም ከመንገድ ይወርዳሉ ብሎ አስተርጓሚው አስጠንቅቆኛል። ዘበኛው በር ላይ ሸኚዎችን ይመዘግባል።

«የተጓዧ ምን ነዎት?»

«ጎረቤት።»

ልጄ ሰማችኝ። አንገቷን ደፋች። ሕፃኗ ግን በመስኮት ብቅ ብላ «አያቴ! አያቴ!» ትላለች። ዘበኛው ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጆች ሽማግሌ ሲያዩ ሁሉንም አያቴ ነው የሚሉት» አልኩት። ይህንንም በአፌ ተናገርኩ።

ጴጥሮስ ከካደ በኋላ ወደ ውጭ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። እኔ ያንንም አልታደልኩም፤ ዘበኛው እያየኝ ነበር፣ ጎረቤት ደግሞ እንደዚያ አያለቅስም። እጄን አንሥቼ አውለበለብኩ፣ ጎረቤት እንደሚያደርገው።

ከእኔ በኋላ ይህን ደብተር የምታነብ ሆይ፣ እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክ፤ በውስጡ ያሉትንም ይጠብቅልህ። በሚጠይቅህ ሁሉ ፊት «የኔ ናቸው» ለማለት ያብቃህ። አሜን።