ፍሪሲዮኑ ስር የገባው ምንጣፍ

ልጄ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን፤ የጓሮው ቧንቧም ተሠራ።

የላክሽልኝን የመኪና ምንጣፍ በኩራት አንጥፌው ነበር። ትናንት ዳገቱ ላይ አንደኛ ማርሽ አልገባ ብሎኝ መንገድ ዘጋሁ። አጠገቤ የተቀመጠውን አባትሽን፣ ሰው እየሰማ፣ «አንተ ነህ እያንገጫገጭክ ማርሹን የጨረስከው» አልኩት። ወርዶ ከሰዎቹ ጋር መኪናዋን ወደ ዳር ገፋ።

ዛሬ ውስጧን ስጠርግ ለካ ምንጣፉ ታጥፎ ፍሪሲዮኑ ስር ገብቷል። ፍሪሲዮኑ እስከ ታች ካልተረገጠ ማርሽ ከየት ይገባል? አባትሽ ግን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ትቶልኝ ሥራ በእግሩ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ይቅርታ ልለው አፌን ከፍቼ ስለ ቧንቧው አወራሁ።

ስትደውዪ ለአባትሽ፣ «እማዬን ዳገቱ ላይ ማርሽ አለማምዳት» በይልኝ፤ አንቺን እምቢ አይልም። እዚያው ሰው ፊት ይቅርታ እለዋለሁ። ፈጣሪ ሁለታችሁንም ያቆይልኝ።

እናትሽ