ሰርቨሩም ለእንግዳ ጸዳ

ነሐሴ 9፣ ጋምቤላ

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ሲጠረግ፣ የአጥሩ ድንጋይ ኖራ ሲቀባ ሰነበተ። ይሁን። አለቃችን አቶ ጌታሁን ግን ሁላችንም የምንሠራበትን ሰርቨር ጭምር ትናንት አጸዱት! የባሮ ወንዝን ሙላት ቀድሞ የሚያሰላው ፕሮግራማችን፣ ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ከሚተረጉምለት ከአሮጌው ኮምፓይለር ውጭ አይነሳም። ለዚህ ስል አሮጌውንም አዲሱንም ጎን ለጎን ጭኜ፣ የአሮጌውን ፎልደር «እንዳይነካ» ብዬ ሰይሜው ነበር። እሳቸው እሱኑ አጠፉት።

«አዲሱ እያለ አሮጌው ምን ያደርጋል? እንግዳ ፊት ያሳፍራል» አሉኝ።

እንግዳው ፎልደር ሊከፍት ነው እንዴ የሚመጣው?

መልሼ እንዳልጭነው ኢንተርኔት ከጠዋት ጀምሮ የለም። በአዲሱ ብሞክር ስህተት ብቻ ይደረድርልኛል። ከሰዓት፣ በባሮ ዳር ማታር ከተማ ሆኖ የወንዙን ከፍታ የሚለካልን ጋትሉዋክ ደወለ።

«ውሃ ጨምሯል። ከብት እናውጣ ወይስ እንቆይ? ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቃል።»

«መልሼ እደውልልሃለሁ» አልኩት፤ ምን ብዬ እንደምደውል ሳላውቅ።

ስልኩን ስዘጋ እንግዶቹ ከኋላዬ ቆመዋል። አንደኛው ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና «እንዴት ንጹሕ ነው!» አለ።