መጋረጃ ስለ ጠየቅሁ የተዘጋው የልጆች የድርሰት ክበብ

ቀን፦ ነሐሴ ፳፩ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ለቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ለጓድ አስናቀ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የክረምቱ የልጆችና የወጣቶች የድርሰት ክበብ እንደገና እንዲከፈት፣ የጠየቅሁት መጋረጃም እንዲቀር ስለ ማመልከት

አመልካች አለበል ወልደ ገብርኤል እባላለሁ። ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ ከባለቤቴ ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ጋር የምኖረው ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ነው። በሥራ ዘመኔ የሰው አቤቱታ ስቀበል ስለ ኖርሁ አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ከተጻፈ በኋላ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግን በሚገባ የተረዳሁት በዚህ ክረምት ነው። ስለዚህ ጉዳዬን ከመጀመሪያው ጀምሬ በትሕትና አስረዳለሁ።

፩. ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ ጽሕፈት ቤቱ አዳራሹን ለመምህርት አገርነሽ መፍቀዱ ይታወሳል። ዓላማው የቀበሌው ልጆች ክረምቱን ሐይቅ ዳር ሲንከራተቱ ከሚያሳልፉ፣ ታሪክ መጻፍ ቢለማመዱ ይሻላል የሚል ነበር። ዓላማው መልካም ነው፤ አሁንም አልቃወምም። መምህርቷ ለልጆቹ የሰጠቻቸው የመጀመሪያ መመሪያ ግድግዳዬን አልፎ ቃል በቃል ተሰምቶኛል። «ያላያችሁትን አትጻፉ። ያያችሁትን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ግን፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ» አለቻቸው።

ችግሩ ከመመሪያው አይደለም። የአዳራሹ መስኮቶች ከአንዱ በቀር ሁሉም በመፈክር ሰሌዳ የተሸፈኑ ናቸው፤ ይህም ተገቢ ነው። ያልተሸፈነው አንዱ መስኮት የሚያሳየው የእኔን ግቢ ብቻ ነው። በግቢዬ ውስጥ አንድ የፓፓያ ዛፍ፣ አንድ የልብስ ገመድና እኔ እንገኛለን። ልጆቹ ያዩትን ጻፉ።

፪. በመጀመሪያው ሳምንት አበራ የተባለ ታዳጊ ገደለኝ። ፓፓያ ለማውረድ ስወጣ ቅርንጫፉ ከዳኝ። (ፓፓያ ቅርንጫፍ እንደሌለው በኋላ ነግሬው አርሞታል፤ ሞቴን ግን አላነሳም።) ታሪኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ «አቶ አለበልም በዚያው አረፉ» ብሎ ሲያነብ፣ በመንገድ የሚያልፉት ጎረቤታችን ወይዘሮ ወለላ ሰሙ። ጥቂት ቆይቶ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በሰፌድ ይዘው፣ ገና ከደጅ እያለቀሱ መጡ። በሩን የከፈትሁላቸው እኔ ነኝ።

«ውይ፣ አሉ እንዴ?» አሉኝ።

«አለሁ፤ ይግቡ» አልሁ።

«ታዲያ የእድሩን ጥሩንባ ነፊ ልኬዋለሁ'ኮ» አሉና እሱን ለማስመለስ ተመልሰው ሮጡ። ሲመለሱ ንፍሮውን ከባለቤቴ ጋር ሦስታችን ሆነን በላነው። ወይዘሮ ወለላ ሲበሉ አሁንም አሁንም ቀና እያሉ ያዩኝ ነበር፤ ጥቂት ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ በሌላ ድርሰት ሁለተኛ ሚስት አገባሁ። ለወይዘሮ የሻሽወርቅ ይህ ሲነገራቸው፣ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ረጅም የውስጥ ሱሪዬን እያዩ «ደግ አድርጓል፤ እንግዲህ እሷ ትጠብለት» ከማለት በቀር ቅሬታ አላቀረቡም። በሌላው ደግሞ ከፓፓያው ሥር ሣጥን ቀበርሁ። በማግስቱ አንድ የአብዮት ጥበቃ ባልደረባ በአጥሬ አጠገብ ሲያልፍ ቆም ብሎ «አባባ፣ ምን እየቆፈሩ ነው?» ብሎ በአክብሮት ጠየቀኝ። ጎመን ነበር። ጎመኑን አይቶ አመስግኖ ሄደ።

፫. በዚህ ምክንያት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ቀርቤ ባለ አራት መስመር ማመልከቻ አስገባሁ። የጠየቅሁት በመስኮቱ ላይ መጋረጃ እንዲደረግ ነው። ልጆቹ የማያዩትን ሰው አይገድሉም የሚል ግምት ነበረኝ።

የጽሕፈት ቤቱ መልስ በማግስቱ ደረሰኝ። የሠፈራችን የቦኖ ውኃ ማመልከቻ ከጥምቀት ጀምሮ እየተጠና መሆኑን ስለማውቅ፣ በመልሱ ፍጥነት መጀመሪያ ኮርቼ ነበር። ከፍቼ ሳነበው ግን «ክበቡ ነዋሪን ያወከ ሆኖ ስለ ተገኘ ከዛሬ ጀምሮ የተዘጋ መሆኑን እየገለጽን፣ ለአሳዩት ንቃት እናመሰግናለን» ይላል። ጓድ ሊቀመንበር፣ ንቃቴ እስከ መጋረጃ ድረስ ብቻ ነበር። መጋረጃውም እስካሁን አልተሰቀለም። አዳራሹ ተቆልፎ የተሰበሩ ወንበሮች ተከማችተውበታል፤ ከእነዚህም መካከል ወደ መስኮቱ ዞረው የተቀመጡ ስላሉ፣ አሁን የሚመለከቱኝ እነሱ ናቸው።

፬. ከዚህ በኋላ ሰላም አገኛለሁ ብዬ ነበር። አላገኘሁም። መምህርት አገርነሽ በመንገድ ስታገኘኝ እንደ ወትሮዋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። አበራ ሲያየኝ መንገድ አቋርጦ ይሄዳል። ባለቤቴም ማለዳ ልብስ እያሰጡ «ሰው እንኳ የሚያየን ጠፋ» ብለው ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። እስከዚያ ድረስ ልብስ ሲያሰጡ ነጭ ነጩን ከፊት ያደርጉ የነበረው ለማን ኖሯል?

ይህ ሁሉ የግል ጉዳዬ ስለ ሆነ ጽሕፈት ቤቱን አላስቸግርበትም ነበር። ወደዚህ አቤቱታ ያደረሰኝ የዘይነት ጉዳይ ነው።

፭. ዘይነት ሙሀመድሰዒድ በገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡት የአቶ ሙሀመድሰዒድ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ዐሥራ ሦስት ቢሆን ነው። በክበቡ ልማድ ማንም ታሪኩን ብቻውን አይጨርስም፤ የጻፈውን ያህል ያነባል፣ ሌሎቹ ይጠይቁታል፣ ከዚያ ሄዶ ይቀጥላል። ዘይነትም እንዲሁ በየሳምንቱ እየቀጠለች የምታነበው አንድ ረጅም ታሪክ ነበራት። በታሪኩ ውስጥ አንድ ጡረተኛ የሰው አቤቱታ መስማት ሰልችቶት፣ አንድ ቀን ማለዳ ከሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳ ተከራይቶ ብቻውን ወደ ዘጌ ይነሳል። ስሙ አለበል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማመን አለብኝ። እኔ በየማለዳው ከቁርስ በፊት ግቢዬ ውስጥ ቆሜ፣ በአጥሩ ክፍተት ወደ ሐይቁ እመለከታለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ከባለቤቴም ጋር ተነጋግረንበት አናውቅም። ወደዚህ ከተማ የመጣሁት በጎልማሳነቴ ነው፤ ዘጌን ግን እስከ ዛሬ ከዚህ ማዶ እንጂ ረግጬው አላየሁም። መጀመሪያ ሥራ ነበረ፣ ኋላ ልጆች ነበሩ፣ አሁን ደግሞ ጉልበት ነው። ይህች ልጅ በመስኮት አይታኝ፣ ሳትጠይቀኝ አሳፈረችኝ። በግድግዳው በኩል የሰማሁትን ያህል፣ ጉዞዬ ጥሩ ነበር። ጉማሬ አየሁ። ከአንድ ታንኳ ቀዛፊ ጋር በርቀት ሰላምታ ተለዋወጥሁ። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ተነሣ፤ መቅዘፊያው ከእጄ አመለጠ፤ እዚያ ላይ «ለሚቀጥለው ሳምንት» ብላ አቆመች። በሚቀጥለው ሳምንት አዳራሹ ተዘጋ።

ክበቡ ከተዘጋ በኋላ ዘይነት አንድ ቀን ደጄን አንኳኳች።

«አባባ አለበል፣ ዋና ይችላሉ?» አለችኝ።

«አልችልም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

ፊቷ ተጨነቀ። ጥቂት አሰበችና «ታንኳውን ይዘው መቆየት ግን ይችላሉ አይደል?» አለች።

«እስከ መቼ?»

«እስኪከፈት» ብላኝ ሄደች።

፮. ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እንዳለችኝ ታንኳውን ይዤ እቆይ ነበር። ነገር ግን ከመምህርት አገርነሽ ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፣ አቶ ሙሀመድሰዒድ ከዘመን መለወጫ በኋላ ልጃቸውን ወረታ ወደ አክስቷ ወደ ወይዘሮ ሀቢባ ልከው ሱቅ እንድታግዝ አስበዋል። መምህርቷ ስትለምናቸው «እሺ፤ ሰው ፊት ቆማ ስታነብ ልያት። ሰው ከሰማት እዚሁ ትማር» ብለው ቃል ሰጥተዋል። ልጆቹ በሕዝብ ፊት የሚያነቡት ጳጉሜን ፬ ቀን በአዳራሹ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። አዳራሹ ከተዘጋ ንባብ የለም፤ ንባብ ከሌለ ወረታ ነው።

ስለዚህ ራሴ ወደ ሱቃቸው ሄድሁ። አቡጀዲ ለአንዲት ሴት እየለኩ ነበር። ማን መሆኔን ስነግራቸው መለኪያውን አቁመው «ቆይ እስቲ፣ ታንኳ ላይ ያሉት ሰውዬ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አሉኝ። መሆኔን አመንሁ።

«እኔ ለተረት ጊዜ የለኝም» አሉና ልኬቱን ቀጠሉ። ጨርቁን ቀደዱ፣ አጠፉ፣ ሰጡ። ሴትዮዋ ስትወጣ ጠብቀው «ግን መቅዘፊያው እንዴት ከእጅዎ ወጣ? ሰው በሐይቅ መካከል መቅዘፊያ ይለቃል?» አሉ።

ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከርሁ። አልተቀበሉኝም። «ዕቃ ወደ ዘጌ ስንልክ ታንኳ ላይ ትርፍ መቅዘፊያ ይጫናል። ይንገሯት፣ ትርፍ ይኑርዎት።»

«ራስዎ አይነግሯትም?»

«እኔማ እንደምሰማት አታውቅም። ለእኅቷ ለመሪየም ስታነብላት ነው ከመጋዘኑ ሆኜ የምሰማው» አሉ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። ቀጥለው ግን ቆፍጠን ብለው፣ ቃላቸው ቃል መሆኑን፣ ሰው ፊት ሳታነብ ግን ሐሳባቸውን እንደማይለውጡ፣ የወረታው መኪናም ከበዓሉ በኋላ እንደሚነሣ ነገሩኝ። ነጋዴ ናቸው፤ የተዋዋሉትን አይሽሩም፣ ያልተዋዋሉትንም አይጨምሩም። በዚህ አከብራቸዋለሁ።

፯. እንግዲህ ክቡር ጽሕፈት ቤቱ የሚከተለውን እንዲወስንልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በእኔ ማመልከቻ ምክንያት የተዘጋው ክበብ ዛሬ ነገ ሳይባል ተከፍቶ፣ ልጆቹ ጳጉሜን ፬ ቀን እንዲያነቡ ይፈቀድ። ያን የመጋረጃ ጥያቄዬን በፈቃዴ አንሥቻለሁ፤ መጋረጃው ተገዝቶ ከሆነም ለኪነት ቡድኑ ይሰጥልኝ፣ እነሱ የሚሸፍኑት ነገር አያጡም። አዳራሹን በወንበሮቹ ምክንያት መክፈት የማይቻል ከሆነ ደግሞ ንባቡ በግቢዬ ይደረግ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ገመዱን ለማንሣት ተስማምተዋል። ዝናብ ቢመጣ ከአጎራባች ቤቶች ሸራ አሰባስበናል። ለመሰብሰብ የሚያስፈልገውን የፈቃድ ወረቀት ብቻ ከእርስዎ እንጠብቃለን፤ ማኅተሙን የያዘው ሠራተኛ በሌለበት ጊዜ ቢሆን እንኳ ፊርማዎ ይበቃናል።

ጓድ ሊቀመንበር ተገኝተው አጭር ንግግር ቢያደርጉልን ክብራችን ነው። ንግግሩ ከንባቡ በኋላ ቢሆን ግን ይመረጣል፤ ትንንሾቹ ቶሎ ያንቀላፋሉ።

«ነዋሪን አውኳል» የሚለው ነጥብ አሁንም ጽሕፈት ቤቱን የሚያሳስብ ከሆነ፣ የታወክሁት ነዋሪ እኔ ስለ ሆንሁ በዚህ ጽሑፍ የሚከተለውን አረጋግጣለሁ። የክበቡ አባላት ስሜን፣ መልኬን፣ ግቢዬንና ከላይ የተጠቀሰውን የልብስ ገመድ እንደ አስፈላጊነቱ እንዲጠቀሙበት ፈቅጃለሁ። ሊያጋቡኝ፣ ሊያሳስሩኝ፣ ሊያሳርፉኝም ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ የሚገድሉኝ ከሆነ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያንብቡት፣ ወይዘሮ ወለላ ሌላ ንፍሮ እንዳይቀቅሉ።

ጊዜው አጭር ስለ ሆነ፣ ይህ አቤቱታ እንደ መጋረጃው በማግስቱ መልስ እንዲያገኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከአብዮታዊና ከጉርብትና ሰላምታ ጋር

አለበል ወልደ ገብርኤል
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለመምህርት አገርነሽ፣ እንድታውቀው።
ለአቶ ሙሀመድሰዒድ፣ በሱቃቸው። ከመጋዘን ሳይሆን ከፊተኛው ረድፍ ወንበር ተይዞላቸዋል።
ለዘይነት ሙሀመድሰዒድ፣ የፈቃዱ ቃል በቀጥታ የሚመለከታት ስለ ሆነ። የጽሕፈት ቤቱን መልስ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ መጻፍ ትጀምር፤ ለእኔ ስትልም መጨረሻውን አታሳምረው።